የዕቃ ቤቱ ሊፍት

አናጢ እንግድነት ሄዶም ቢሆን የተቀመጠበትን ወንበር እግር ነቅነቅ ሳያደርግ አይነሳም። ነርስ ባሏ እጇን ሲይዛት ሳይታወቃት የደም ሥሩን ምት ትቆጥራለች። ሊፍት ጠጋኝ ደግሞ እቤቴ ቢራ ልጥመቅ ብሎ ሲነሳ፣ ሊፍት ሠርቶ ያርፈዋል።

የእኛ ሰው (የሥራ ባልደረባውም ጎረቤቱም፣ ሲከፋት ደግሞ ሚስቱም «ጠጋኙ» ነው የሚሉት) የጠመቃ አባዜ የያዘው ከመጠጥ ፍቅር አልነበረም። አንድ ብርጭቆ ከጠጣ ያዛጋል፣ ሁለተኛውን ከደገመ ይተኛል። የእሱ ሕመም ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያወጣና ሲያወርድ ይውልና ማታ ቤቱ ሲገባ «ይኸውላችሁ፣ እኔ የሠራሁት» ብሎ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጠው ነገር የለውም። የተጠገነ ሊፍት ማለት ሰው የረሳው ሊፍት ማለት ነው። ሲቆም ጠጋኙ ይሰደባል፤ ሲሠራ ግን ማንም «ጎሽ፣ በሰላም አምስተኛ ፎቅ ደረስኩልህ» ብሎ ደውሎለት አያውቅም። ቢራ ይቀዳል፣ ይታያል፣ የጠጣው ሰው ከንፈሩን ይልሳል። ጠጋኙ በዕድሜው አንዴ እንኳ ሰው ከንፈሩን ሲልስለት ማየት ፈለገ። ይኸው ነው።

የመጀመሪያውን ጥንስስ የሞከረው ኩሽና ውስጥ፣ አንሶላ በሚቀቀልበት ድስት ነበር። የተሰባበረውን የገብስ ብቅል በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ፣ ጣፋጩን ጭማቂ አጥልሎ፣ ሆፕ የሚሉትን መራራ አበባ ጨምሮ ማፍላት እስኪጀምር ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ ስልክ ተደወለለትና ዞር አለ። ሲመለስ ድስቱ ገንፍሎ፣ ምድጃውን አጥፍቶ፣ ወለሉን ተሻግሮ፣ ከምግብ ጠረጴዛው ሥር ተቆልለው የነበሩት ነጭ ሸሚዞች ዘንድ ደርሷል። ሚስቱ የተማሪ ደንብ ልብስ ሰፊ ናት። በዚያ ሳምንት አንድ ክፍል ተማሪ በሙሉ የብቅል ቀለም ያለው ሸሚዝ ለብሶ፣ ዳቦ ዳቦ እየሸተተ ተሰለፈ።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለች ሚስቱ፣ «ምድጃዬ አጠገብ ሻይ ስታፈላ እንኳ እንዳላይህ።»

«ቢራው ግን ወጥቷል» አለ ጠጋኙ።

መውጣቱስ ወጥቷል። ከድስቱ የተረፈው ጥቂት ጠርሙስ ሞልቶ ዕቃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ተደርድሯል። ችግሩም የተጀመረው እዚያው ዕቃ ቤት ላይ ነው።

ዕቃ ቤቱ በመታጠቢያ ቤቱና በኩሽናው መካከል የተወሸቀ፣ መስኮት የሌለው፣ ሁለት ሰው ከገባበት አንዱ አየር ሲስብ ሌላው ማስወጣት ያለበት ክፍል ነው። ሚስቱ ለስፌት መኪናዋ ስትመኘው ኖራለች። መኪናዋ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ስለሆነ ባልና ሚስት የሚበሉት በክርና በስፒል መካከል ነው። ጠጋኙ ሾርባ ሲጠጣ በመጀመሪያ በማንኪያው መፈተሽን ከለመደ ቆይቷል። አሁን እሱም ክፍሉን ፈለገው።

«ለቢራ? ዕቃ ቤቱን?» አለች ሚስቱ። «እኔ ለመኪናዬ ስለምነው የኖርኩትን?»

«የስፌት መኪና እኮ ብርሃን ይፈልጋል እመቤቴ። ቢራ ግን ጨለማና ዝምታ ነው የሚወደው።»

«እንደ ባለቤቱ በለኛ።»

«ትንሽ ነገር ናት። በኤሌክትሪክ የምትሠራ አንድ ድስት። ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፤ እንፋሎት የለ፣ ሽታ የለ፣ ግርግር የለ።»

«ሸሚዞቼም እንደዚያ ነበር የመሰላቸው።»

ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው አንድ ስምምነት ላይ ደረሱ። ጠጋኙ ማሽኑን ይሥራ። አንድ ቅዳሜ በምስክር ፊት ይጥመቅበት። ከክፍሉ እንፋሎት ካልወጣ፣ ግድግዳ ካላላበው፣ የቤቱ ብሬከር ካልወረደ፣ ዕቃ ቤቱ የእሱ ነው። አንዱ እንኳ ከተበላሸ የስፌት መኪናው ይገባል፤ ድስቱም አንሶላ ወደ መቀቀል ሙያው ይመለሳል።

«ዳኛውስ ማን ይሁን?» አለ ጠጋኙ።

«አባዬ» አለች፣ ፈገግ ብላ።

ይህ ጠጋኙን ወገቡን ቁርጥ አደረገው። አማቱ ጡረታ የወጡ የሊፍት ተቆጣጣሪ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሊፍት ሲመረምሩ ከአፋቸው የሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ስለነበረ ስማቸውም እሱው ሆኖ ቀረ፦ «አያልፍም»። ጠጋኙ ልጃቸውን ሊጠይቅ የሄደ ጊዜም ከጫማው እስከ ፀጉሩ አይተውት «አያልፍም» ብለዋል። ሌላ ቀን ሸሚዝ ቀይሮ ሄደ፤ አያልፍም። ነገሩ የተፈታው ልጅቷ «እንግዲያው እኛ በደረጃ እንሄዳለን» ብላ ሻንጣዋን ስታነሳ ነው። ስለዚህ ጠጋኙ አግብቶም፣ ዓመታት ኖሮም፣ ከአማቱ አፍ «ያልፋል» የምትባለዋን ቃል ሰምቶ አያውቅም። አሁን ዕቃ ቤቱ እዚያች ቃል ላይ ተንጠለጠለ።

ወደ ሥራው ገባ። ከተዘጋ የሠራተኞች ካፌ ትልቅ የብረት ድስት ገዛ። ማሞቂያውን ከአሮጌ የመታጠቢያ ቦይለር ፈታ። ጭማቂውን የምታዞር ትንሽ ፓምፕ አገኘ። ድስቱ ላይ ጉልላት የመሰለ ክዳን ደፋበት፤ እንፋሎቱ እዚያ ገብቶ በቀዝቃዛ ውሃ ተመትቶ ውሃ ይሆንና በላስቲክ ቱቦ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ፍሳሽ ይወርዳል። እስከዚህ ድረስ ማንም ጤነኛ ጠማቂ የሚያደርገው ነው።

የቀረውን ግን መሥሪያ ቤቱ ከጣለው ሊፍት ነው ያመጣው። ሙቀቱን የሚቆጣጠር ነገር ሲፈልግ እጁ የገባው የፎቅ ቁጥሮች ባሉበት ሰሌዳ ላይ ነበር። «ምድር» ሲጫን ድስቱ ውሃ ይሞላል። «አንደኛ ፎቅ» ሲጫን ውሃው ለብቅሉ ወደሚስማማው ሙቀት ይወጣና እዚያው ይቆያል። «ሁለተኛ ፎቅ» ላይ ብቅሉን የያዘው ወንፊት ቅርጫት በትንሽ ሞተር እየተጎተተ ከድስቱ ብቅ ይልና አተላው ይንጠፈጠፋል። «ጣሪያ» ማለት ፍላት ነው። «ምድር ቤት» ማለት ማቀዝቀዝ። በየፎቁ ሲደርስ ደወል ቲንግ ይላል፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያሳይ ቀይ ቀስት ይበራል፤ ከውስጥ ሆኖ ከውጭ ሰው ጋር የሚያነጋግር ሳጥን አለ፤ በሩ ሲዘጋም የተቀዳች ሴት በለስላሳ ድምፅ «በሩ እየተዘጋ ነው፤ እባክዎ ፈቀቅ ይበሉ» ትላለች።

«ማናት እቺ?» አለች ሚስቱ፣ መቀሷን እንደያዘች ዘላ መጥታ።

«ከሊፍቱ ጋር የመጣች ናት። ብትነቀል ሌላው አይሠራም።»

«እዚህ ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ ‹ፈቀቅ በል› የምትልህ ሴት አትኖርም!»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገላት። ነቅሎ አልጣላትም።

በሩ ላይ ግን የሠራው ሥራ ለብቻው ታሪክ ነው። ሊፍት በጉዞ ላይ እያለ በሩ አይከፈትም፤ ይህ ለጠጋኙ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ሕግ ነው። ስለዚህ ድስቱ ከምድር እስከ ምድር ቤት በጉዞ ላይ እያለ የዕቃ ቤቱ በር ይቆለፋል። መብራት ከጠፋም እንደተቆለፈ ይቀራል፤ መብራት ቢመለስም ማሽኑ አይነሳም፣ በሩም አይከፈትም፣ ባለሙያ ከውጭ መጥቶ ባለ ሦስት ማዕዘኗን ቁልፍ ከበሩ በላይ ባለችው ቀዳዳ ከቶ እስኪያዞራት ድረስ።

«ድስት የት ይሄድብኛል ብለህ ነው የምትቆልፈው?» አለች ሚስቱ።

«በሁለት ፎቅ መካከል የቆመ ሊፍት በሩ ከተከፈተ ሰው ገደል ይገባል።»

«ዕቃ ቤታችን ገደል አለው እንዴ?»

«ደንብ ነው።»

እሷም ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሚኖሩበት ሕንጻ ሊፍት ከቆመ ዓመት አልፎት ስለነበረ፣ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለች። ጠጋኙ የሕንጻው ሊፍት የሌላ ድርጅት ውል መሆኑን ለስንተኛ ጊዜ አስረዳ። በመጨረሻ የበሩን ሥር ከሊፍት በር በተቆረጠ ወፍራም ጎማ ደፈነው። ወረቀት እንኳ አያሾልክም። ሸሚዞቹ ደኅና ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት አያልፍም ደረጃውን ጨርሰው፣ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በሩ ላይ ቆሙ።

«የሊፍት ጠጋኝ ቤት» አሉ፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ «በደረጃ!»

«የሌላ ድርጅት ውል ነው አባባ።»

«አልጠየቅሁህም።»

ውሃ ጠጡ፤ ባትሪያቸውን አወጡ፤ ነጭ ጨርቅ አወጡ። የዕቃ ቤቱን መቃን በጨርቁ ጠረግ አድርገው ጨርቁን አዩት፤ ጠጋኙንም በዚያው ዓይን አዩት። ሚስቱ ጠረጴዛዋ ላይ ሆና ለሰኞ የሚደርሱ የሸሚዝ ኮሌታዎች እየሰፋች አንድ ዓይኗን ወደነሱ ጥላለች። ካውያዋ አጠገቧ ቀዝቅዞ ቆሟል። ያን ቀን ካውያ ላይሰካ ተማምለዋል፤ ካውያና ማሞቂያ አንድ ላይ ብሬከሩ አይችላቸውም።

«የጭነት ልክ?» አሉ አያልፍም።

«አንድ ሰው፣ አንድ ድስት።»

«የማቆሚያ መጫኛ?»

«ከውስጥ፣ በስተቀኝ፣ ቀይ።»

«ጥሩ። ልሳፈር።»

«ምን አሉ?»

«ያልተሳፈርኩበትን ሊፍት ፈርሜ አላውቅም። ብቻዬን ነው የምገባው፤ ጠጋኝ አብሮ ከተሳፈረ ይደባብሳል።» እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፍ።»

በምርመራ ጊዜ ቁልፍ በተቆጣጣሪው እጅ ይሆናል። ጠጋኙ ይህን ያውቃል፤ ከማሰቡ በፊት እጁ ቁልፏን አቀብሏል። አያልፍምም ኪሳቸው ከተው ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። በዚያች ቅጽበት ከሁለቱ በላይ ደንብ የሚያከብር ሰው በከተማው አልነበረም። የቁልፏ ቀዳዳ በሩ ላይ በየት በኩል እንዳለ ግን ሁለቱም አላሰቡም።

«በሩ እየተዘጋ ነው፤ እባክዎ ፈቀቅ ይበሉ» አለች የተቀዳችው ሴት።

«ጨዋ ልጅ ናት» ሲሉ ተሰሙ አያልፍም ከሳጥኑ ውስጥ።

ሚስቱ ኮሌታውን አጥብቃ ሳበችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ለጠጋኙ የሕይወቱ ጣፋጭ ጠዋት ነበር። ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ ቆመ። ቲንግ፤ አንደኛ ፎቅ። አማቱ ከውስጥ ይዘግባሉ፦ «ሙቀቱ አልተነቃነቀም... ፓምፑ ድምፅ የለውም... እዚህ የተደፋ ባልዲ አለ፤ ተቀምጫለሁ...» ጫማ ሲወልቅ ተሰማ። «ይኼ ሙቀት ለጉልበት ደግ ነው መሰለኝ።» ቲንግ፤ ሁለተኛ ፎቅ። ቅርጫቱ እየተንጠባጠበ ሲወጣ «አነሳሱ ለስላሳ ነው፤ አይንቀጠቀጥም» አሉ። ጠጋኙ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በሠላሳ ዓመት አንድም ሊፍት ከአማቱ አፍ እንዲህ ተብሎ አያውቅም። ቲንግ፤ ጣሪያ። ድስቱ መንተክተክ ጀመረ፤ ጎማው ሥር ግን ቅንጣት እንፋሎት የለም፤ ሸሚዞቹ ነጭ እንደሆኑ አሉ፤ ግድግዳው እንደ ደረቀ ነው።

«እስካሁን ድረስ» አለ ሳጥኑ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እኔ በበኩሌ የማየው ጉድለት የለም። እንግዲህ የቀረውን አይቼ...»

«አባባ! ይበሉት!»

«አትቸኩል። የቀረውን አይቼ...»

ጠጋኙ ከጀርባው ትንሽ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማ። ዞር ሲል ሚስቱ የካውያዋ ሶኬት ላይ ጎንበስ ብላለች። ከዚያ ከኮሪደሩ ሌላ፣ ከፍ ያለ ጠቅታ መጣ፤ የቤቱም መብራት ጠፋ፤ ድስቱም ዝም አለ።

«ምነው?» አለ ጠጋኙ፣ ድምፁ እንደ ሕፃን።

«ውይ!» አለች ሚስቱ። «እጄ ለምዶብኝ። ኮሌታ ሳይ እጄ ሳላዘው ካውያ ይሰካል።»

«ተማምለን?»

«እጄ አልማለም።»

ሳጥኑ የራሱ ባትሪ ስላለው አልሞተም። «ሰላም ናችሁ?» አለ። «እኔ ተረጋግቻለሁ። የቆመ ሊፍት ውስጥ ያለ ተሳፋሪ መረጋጋት አለበት። ለሠላሳ ዓመት ለሰው የነገርኩትን ዛሬ እኔው እየፈጸምኩት ነው።»

ጠጋኙ ሮጦ ብሬከሩን መለሰ። የቤቱ መብራት በራ፤ ዕቃ ቤቱ አልተነሳም። የሚነሳው በቁልፍ ነው። ኪሱን ዳበሰ፤ ከዚያ ትዝ አለውና ግንባሩን በሩ ላይ አሳረፈ።

«አባባ... ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ነው።»

«በደንቡ መሠረት።»

«ቀዳዳው ግን ከውጭ ነው።»

«በደንቡ መሠረት» አለ ሳጥኑ፣ ቀስ ብሎ።

«ከሥር ያሾልኩልን።»

«ጎማ አለ። ሞክሬዋለሁ። ደህና ጎማ ነው። በዚህም ጉድለት አላገኘሁም።»

ጠጋኙ የጎማውን ጫፍ ለመፈልቀቅ በጥፍሩ ተጋደለ። የኩሽና ቢላ አመጣ፤ ጎበጠበት። ሚስቱ ቆማ አየችው። ከዚያ ወደ ጠረጴዛዋ ሄዳ ትልቁን መቀሷን አነሳች። ይህ መቀስ ከጨርቅ በስተቀር ምንም ነክቶ አያውቅም። ጠጋኙ አንዴ የወተት ከረጢት አፍ ቆርጦበት ሚስቱ ሳምንት ሙሉ ሳታናግረው ሰንብታለች። አሁን ባለቤቱ ራሷ ተንበርክካ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ወፍራሙን የሊፍት ጎማ በሱ ቀደደችው።

«አባቴ ባይሆን» አለች፣ መቀሷን እንደ ቆሰለ ልጅ ደረቷ ላይ ይዛ።

«አባዬ፣ አሁን ቁልፉን!»

«ትንሽ ቆዩ።»

«ምን አለ?»

«ምርመራ ላይ ነኝ።»

ቁልፏ የሾለከችው ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው። ጠጋኙ ከትቶ አዞራት፤ በሩ ተከፈተ። አያልፍም የተደፋው ባልዲ ላይ፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን ወደሞቀው ድስት ዘርግተው፣ ጀርባቸውን ለመደርደሪያው ሰጥተው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ከመጀመሪያው ጥንስስ የተረፉት ጠርሙሶች አሉ። ግማሾቹ ባዶ ናቸው። ጠጋኙ ቆሞ ሲያይ አማቱ ከንፈራቸውን ቀስ ብለው፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ላሱት።

«በሩን ዝጉት እንጂ» አሉ። «ሙቀቱ ይወጣል።»

ፍርዱ የተሰጠው የምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ስፒሎቹ ተጠርገው ነው።

«አያልፍም» አሉ።

ሚስቱ አጨበጨበች። «መኪናዬን አስገባልኝ!»

«ሊያሳልፉኝ ነበር እኮ!» አለ ጠጋኙ። «ጆሮዬ ሰምቷል! ሊሉት ነበር!»

«ልለው ነበር። ያልተባለ ነገር እንዳልነበረ ነው። ሊፍትህ ተሳፋሪ ይዞ ቆሟል።»

«ካውያ ሰክታበት እኮ ነው!»

«ካውያን የማይችል መስመር ላይ ያለ ሊፍት አያልፍም።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺም አትደሰቺ። አደጋ የደረሰበት ሊፍት አይፈርስም፣ አይነካም፣ አይነቃነቅም፤ ምርመራው እስኪያልቅ እንዳለ ይቀመጣል። የስፌት መኪና አይገባም።»

«እስከ መቼ?»

«ምርመራው እስኪያልቅ» አሉ አያልፍም፣ ቁልፏን መልሰው ኪሳቸው እየከተቱ። «ሊፍት ደግሞ ባዶውን አይመረመርም። ሲሠራ ነው የሚታይ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ብቅል ይዘጋጅ።»

ቅዳሜ መጡ። ደረጃውን ሲወጡ ያኔ እንዳደረጉት አልተማረሩም፤ የቤት ነጠላ ጫማና ጋዜጣ ይዘው ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ቅዳሜም እንዲሁ። ጠጋኙ የብቅሉን ከረጢት በጀርባው ተሸክሞ ደረጃውን ይወጣል፤ ውሃ ይሞላል፤ አማቱ ይገባሉ፤ ሴትየዋ ፈቀቅ በሉ ትላለች፤ በሩ ይዘጋል። በጉዞ ላይ እያለ በሩ ስለማይከፈት እስከ ምድር ቤት ድረስ በዚህ ዓለም ላይ አያልፍምን «ቆሻሻውን አውጣ»፣ «አምፖሉን ቀይር» ሊላቸው የሚችል ፍጡር የለም። የሚስቱ እናት ትደውላለች፦ «አባትሽ የት ሄዶ ነው?» ልጅቷ ትመልሳለች፦ «ምርመራ ላይ ነው እማዬ።» እናትም «ጡረታ ወጥቶም!» ብላ ትዘጋለች።

የተጠመቀው ሲደርስ ደግሞ ጠርሙሶቹ «ናሙና» እየተባሉ በአያልፍም ከረጢት ይወርዳሉ። ጠጋኙ አተላውን ይጠርጋል፤ ድስቱን ያጥባል። ከገዛ ቢራው የቀመሰው አንድ ብርጭቆ ነው፤ እሱንም አዛግቶበታል። ሚስቱም አሁንም በክርና በስፒል መካከል ትበላለች፤ መቀሷም ከጎማው ወዲህ ጨርቅ ያኝካል እንጂ አይቆርጥም።

«ውሻ በቀደደው...» አለ ጠጋኙ አንድ ቅዳሜ፣ በሩ ሥር ያለውን የጎማ ቀዳዳ እያየ፣ ለራሱ።

«ጨርሰው እስቲ» አለች ሚስቱ ቀና ብላ። «ጎማውን የቀደድኩት እኔ ነኝ። ጅቡስ ማነው?»

«ምሳሌ ነው እመቤቴ።»

«ጅቡስ ማነው?»

ጠጋኙ በአገጩ የዕቃ ቤቱን በር አመለከተ። ሚስቱ ግን አልተቆጣችም። ሾርባዋን ፈተሸች፤ ስፒል አወጣች፤ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኖረችው። ከዕቃ ቤቱ ቲንግ የሚል ድምፅ መጣ፤ ጣሪያ። ጋዜጣ ሲገለጥም ተሰማ።

«ባልና ሚስት ነን» አለች ዝቅ ብላ። «ክፍሉ ከሁለት አንዳችን መሆን ነበረበት።»

«ከሁለት አንዳችን።»

«ሦስተኛ ሰው ምን አገባው?»

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው።»

በስንት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ። ሚስቱ እጇን ዘርግታ የካውያዋን ገመድ አነሳች፤ ሶኬቱን ጣቶቿ መካከል አዟዟረችው።

«ልሰካው?»

ጠጋኙ አመነታ። በፍላት መካከል የቆመ ጭማቂ ይበላሻል፤ ጠማቂ ልቡ እምቢ አለው። በዚህ መካከል ሳጥኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንተ ልጅ» አለ፣ «የሚቀጥለው ጠቆር ያለ ይሁን። ይኼ ለጉልበቴ ቀለለ። ባልዲውም ይቆረቁራል፤ ትራስ ነገር አምጡ።»

«ስኪው» አለ ጠጋኙ።

ጠቅ። ከኮሪደሩ ጠቅ። መብራት ጠፋ።

«ሰላም ናችሁ?» አለ ሳጥኑ። «እኔ ተረጋግቻለሁ።»

«እኛም ተረጋግተናል አባባ» አለ ጠጋኙ፣ ወንበር ስቦ በሩ ፊት እየተቀመጠ። «ያልፋል የሚሉ ከሆነ ቁልፉን ያሾልኩልን፤ እንከፍታለን።»

«ይኼ ተቆጣጣሪን ማስፈራራት ነው!»

«እንግዲያው ይረጋጉ።»

«እረጋጋለሁ። ሞቆኛል፣ ጋዜጣ አለኝ፣ ናሙናም አለኝ። እስከ ነገም ብትሉ...»

«አባዬ» አለች ልጅቷ፣ አፏን ሳጥኑ ላይ አስጠግታ፣ በጣም በለስላሳ፣ ከተቀዳችው ሴት በለሰለሰ ድምፅ፣ «እማዬን ጠርቼ ምርመራው እንዴት እንደሆነ ላሳያት?»

ከውስጥ ጠርሙስ ተጋጨ። ጋዜጣ ታጠፈ። አንድ ነገር መደርደሪያው ላይ በችኮላ ተመለሰ።

«ያልፋል!» አለ ሳጥኑ። «ያልፋል፣ ያልፋል! ምን አስቸኮላችሁ፣ ዛሬ ልለው ነው የመጣሁት!»

ጠጋኙ ዓይኑን ጨፈነ። ከጋብቻው በፊት ጀምሮ የጠበቃትን ቃል፣ ያውም ሦስት ጊዜ። ሲገልጠው ቁልፏ በተቀደደው ጎማ ሥር እያንሸራተተች ወጥታ፣ ከእሱ እግርና ከሚስቱ እግር መካከል፣ ልክ እኩል ቦታ ላይ ቆማለች።

ተያዩ። ከአያልፍም ኪስ የወጣችው ቁልፍ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ናት። ያነሳት ክፍሉን አነሳ።

«አልፏል ተብሏል» አለ ጠጋኙ ቀስ ብሎ። «ስምምነታችን...»

«ብሬከሩም ወርዷል» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ። «ስምምነታችን...»

ሁለቱም እኩል ጎንበስ አሉ፤ ግንባርና ግንባር ተጋጭቶ እንደ በር ጓ አለ።

«እሺ፣ እሺ!» አለ ሳጥኑ ከውስጥ። «ማንኳኳቱን ትታችሁ ክፈቱት!»